ወንድሜ የዊልቸር ሯጭ መሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልህ ከደብረ ብርሃን ነው። ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቆመ። እጆቹ ደህና ናቸው። የፓሪስ ፓራሊምፒክን በስልክ ካየ ወዲህ ማርሴል ሁግ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ልቡን ወስዶታል። ‹እኔም እንደሱ እሮጣለሁ› ይላል። አባታችን ደግሞ በሬ ሸጠን የውድድር ዊልቸር ከውጭ እናስመጣለት እያሉ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት ምን ይመስላል? ለወንድሜስ ይሆነዋል? ከየት እንጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባታችሁ አንድ መልእክት አድርሺልኝ። በሬው አይሸጥ፤ ቢያንስ አሁን አይሸጥ። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። የወንድምሽ ዕድሜ አላለፈም። ጉዳቱም ከዚህ ስፖርት አያግደውም። ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው የውድድር ዊልቸር አይደለም። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሁግን ስለወደደ ከእሱ እንነሳ። ሁግ የተወለደው በ1986 ነው። ሲወለድ ጀምሮ የጀርባ አጥንቱ በትክክል አልተዘጋም፤ ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። የውድድር ዊልቸር ላይ የወጣው በልጅነቱ ነው። በ2004 አቴንስ ላይ ሁለት ነሐስ አገኘ። የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ግን በ2016 ሪዮ ላይ ነው። በመሃል 12 ዓመት አለ! ወንድምሽ ስልኩ ላይ ያየው ከእነዚያ 12 የልፋት ዓመታት በኋላ ያለውን ሰው ነው። ከዚያማ ማን ይያዘው። በ2021 ቶኪዮ ላይ 800፣ 1500፣ 5000 ሜትርና ማራቶን፣ አራቱንም ወሰደ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጃፓን ኦይታ ሄዶ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ጨረሰ። ሒሳቡን ብትሠሪው በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በክንድ ብቻ።

እሱ የሰበረው ክብረ ወሰን የአገሩ ልጅ የሃይንዝ ፍራይ ነበር። ከ1999 ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር። የፍራይን ታሪክ ለወንድምሽ ንገሪው። ፍራይ እግሮቹን ያጣው በ20 ዓመቱ፣ የተራራ ሩጫ ላይ እያለ በደረሰበት አደጋ ነው። ዊልቸር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያደገ ጤነኛ ሯጭ ነበር። ስለዚህ 17 ዓመት ዘገየ የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው።

ከአንዲት ትንሽ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች በተከታታይ የሚወጡት ለምንድን ነው? ስዊዞች ኖትቪል በምትባል ቦታ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ሆስፒታል አላቸው። ማገገሚያውና የውድድር ትራኩም እዚያው ናቸው። አንድ ሰው ከአልጋ ተነስቶ ትራክ ላይ እስኪወጣ ድረስ ከሚያውቁት ሰዎች እጅ አይወጣም። ስዊዘርላንዳዊቷ የዊልቸር ሯጭ ካተሪን ደብሩነር በፓሪስ አምስት ወርቅ ስትወስድ ያየ ሰው የክንዷን ጉልበት ብቻ ያደንቃል። እኔ ከጀርባዋ ያለውን ግቢ ነው የማስበው። እኛ ዘንድ ሐኪሙ አንድ ከተማ፣ ብየዳ ቤቱ ሌላ ሰፈር፣ ሜዳው ሌላ ቦታ ነው። እነሱን የማገናኘቱ ሥራ በቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ከጥያቄሽ እንደገመትኩት ደግሞ በአንቺ ላይ።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ከውጭ ሲታይ ሜዳሊያና አውሮፕላን ነው። ከውስጥ ግን አሰልቺ ነው። ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ ልምምድ አለ። በመሃል የትከሻ ማሳሳብ፣ የቆዳ ምርመራ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ። በጸደይ ቦስተንና ለንደን፣ በመኸር በርሊን፣ ቺካጎና ኒው ዮርክ። የትልልቆቹ ከተሞች ማራቶን ለአሸናፊዎች ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ ውጭ ግን ከዚህ ስፖርት ጥሩ ኑሮ የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ትምህርቱን አቋርጦ ከሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ይመለስ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያዢው።

ትምህርት ቤትን ካነሳሁ አሜሪካዊቷን የዊልቸር ሯጭ ታቲያና ማክፋደንን ፈልጎ ያንብባት። ሌኒንግራድ ተወልዳ ማሳደጊያ ውስጥ ነው የቆየችው። ዊልቸር ስላልነበራት በእጆቿ እየሄደች አደገች። በስድስት ዓመቷ አንዲት አሜሪካዊት ወሰደቻት። 15 ዓመቷ ላይ አቴንስ ሄዳ ብርና ነሐስ ይዛ ተመለሰች። አገሯ ስትገባ ግን ትምህርት ቤቷ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ትራኩ ላይ እንዳትወዳደር ከለከላት። ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም ፈረደላት። ሜሪላንድ የምትባለው ግዛትም በኋላ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስፖርት እንዲሳተፉ የሚያዝ ሕግ አወጣች። በ2013 ቦስተንን፣ ለንደንን፣ ቺካጎንና ኒው ዮርክን በአንድ ዓመት አሸነፈች፤ ከእሷ በፊት ይህን ያደረገ ሰው የለም፣ በእግሩ የሚሮጥም ቢሆን። የአንቺ ወንድም መካሰስ ላያስፈልገው ይችላል። የስፖርት መምህሩን ግን ሄደሽ አናግሪ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ላይ አስቀምጠውት ሰዓት የሚይዝ ልጅ ካደረጉት፣ ይህ ይቀየር በይ።

አሁን ወደ ዊልቸሩ። በ1975 ቦብ ሆል የሚባል ወጣት ቦስተን ማራቶን ላይ በዊልቸር ልሳተፍ አለ። አዘጋጁ «ከ3 ሰዓት በታች ከገባህ ሰርተፊኬት እሰጥሃለሁ» አለው። በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ። በ2024 ደግሞ ሁግ ያንኑ ቦስተን በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ጨረሰው። ክንድ በ50 ዓመት ውስጥ ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው በአብዛኛው ወንበሩና አገፋፉ ነው። ቦብ ሆል ራሱ በኋላ የውድድር ዊልቸር ሠሪ ሆኗል።

የዛሬው የውድድር ዊልቸር ሦስት ጎማ አለው። የጎማው ክብ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ለኋላዎቹ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ለፊቷ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይፈቀዳል። ካቴና የለም፣ ማርሽ የለም፣ ሞተር የለም። የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያጋደሉ ናቸው፤ በኩርባ ላይ እንዳይገለበጥና ክንድ ጎማውን እንዳይፍቅ። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ ትንሽ የመግፊያ ቀለበት አለ። ሯጩ ቀለበቱን አይጨብጠውም። በጠንካራ ጓንት ይመታዋል፣ ወደ ታች ይነዳዋል፣ ይለቀዋል፤ ክርኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደገና ይመታል። አቀማመጡም እንደ ሰውየው ጉዳት ይለያያል። ብዙዎቹ ተንበርክከው ደረታቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጥላሉ።

ለዚህ ነው በሬው ይቆይ ያልኩሽ። የውድድር ዊልቸር እንደ ጫማ በልክ የሚሠራ ነገር ነው። የዳሌ ስፋት፣ የጭን ርዝመት፣ የክንድ ርዝመት፣ ክብደት፣ ሆዱን ምን ያህል መቆጣጠር እንደሚችል፣ ይንበርከክ ወይስ ይቀመጥ የሚለው ሁሉ ይጠየቃል። ወንድምሽ ገና እያደገ ነው። አንድ ዓመት ከሠራ ትከሻው ይሰፋል። አዲስ የአሉሚኒየም ዊልቸር በሺዎች ዶላር ነው፤ የካርበኑ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። በግምት አዝዛችሁ ዳሌው ላይ ትንሽ ከሰፋ፣ በእያንዳንዱ ምት ሰውነቱ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱ ወደ ጎማው አይደርስም። ከጠበበ ደግሞ ይላጠዋል። በዚያ ላይ ስሜት የለውም፤ ሲላጥ አያውቅም።

እዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ መጣ። ቆዳ።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ልምምድ ጀምረው ያቆሙ ልጆችን አይቻለሁ። አብዛኞቹን ያስቆማቸው የክንድ ድካም አይደለም፣ የወኔ ማጣትም አይደለም፤ የመቀመጫ ቁስል ነው። እኔና አንቺ ስንቀመጥ ሳናስበው እንገላበጣለን። እሱ ግን ካላሰበበት ሰዓታት አንድ አጥንት ላይ ተቀምጦ ይውላል። ደም የማያገኘው ሥጋ ከውስጥ ይሞታል። ከላይ ትንሽ ጠባሳ የምትመስል ነገር ከሥር ዋሻ ልትሆን ትችላለች። አንድ ቁስል ወራት በሆድ ያስተኛል። አንድ የውድድር ዓመት ሄደ ማለት ነው፤ ከባሰም ሕይወት ይወስዳል።

ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ፣ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በእጆቹ ተደግፎ ይነሳ ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ አንድ ደቂቃ ያህል። ጠዋትና ማታ መቀመጫውን፣ ጅራት አጥንቱን፣ ተረከዙን በመስታወት ይይ። የውጭ ጽሑፎች «ቅላት ካየህ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት በቀላሉ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ከሌላው ቦታ ሞቅ ያለ፣ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ በእጅ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ካልጠፋ በዚያ ቦታ ላይ አይቀመጥ። ትራስ ይኑረው፤ ደህና የዊልቸር ትራስ። የመንዝ ባና አጥፎ መቀመጥ ይሞቃል፤ ግን እጥፋቱ አጥንት ላይ ሲያርፍ ይጎዳል። አባታችሁ የግድ ገንዘብ ማውጣት ከፈለጉ የመጀመሪያው ብር ለትራሱ ይሁን።

የደብረ ብርሃን ብርድ ሌላ ጣጣ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ሲመጣ ሁሉም ሰው ማንደጃ ይከብባል። ወንድምሽ እግሩ ከሰሉ አጠገብ ሆኖ ሲቃጠል አያውቅም። ሽታው ከሕመሙ ቀድሞ የነገረው ሰው አውቃለሁ። የፍል ውሃ ላስቲክም ጭኑ ላይ አታስቀምጡ። ካልሲና ወፍራም ሱሪ ይልበስ፤ ከእሳት ራቅ ይበል። ተቃራኒውም አለ። ከጉዳቱ በታች ያለው አካል በደንብ አያልብም። ለበዓል ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጥየቃ ከወረደ፣ ሙቀቱ ከእናንተ ቀድሞ እሱን ይይዘዋል። እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ፣ ጥላ፣ ውሃ።

ውሃ ሲባል፦ ብዙ ልጆች መጸዳጃ ቤት ስለሚቸግራቸው ሆን ብለው አይጠጡም። የሽንት መመረዝ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ይጠጣ፤ ሽንቱንም በሰዓቱ ያስወጣ። ጉዳቱ ከደረቱ መሃል ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ፊኛው ሲሞላ ወይም አንድ ነገር እግሩን ሲጎዳው የደም ግፊቱ በድንገት ይወጣል፤ ከባድ ራስ ምታት፣ ፊት ላይ ላብ። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶውን ፍቱ፣ ሽንቱን እዩ፤ ካልተሻለው ወደ ሆስፒታል። አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ይህንኑ ሆን ብለው በራሳቸው ላይ እየቀሰቀሱ ይሮጡ ነበር፤ ዛሬ የተከለከለ ነው።

ምድቡን በተመለከተ አጭር ነው። በዊልቸር የሚሮጡ ከቲ51 እስከ ቲ54 ይመደባሉ፤ የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ደግሞ በቲ30ዎቹ ውስጥ ናቸው። እጁ ሙሉ ሆኖ ሆዱንና ጀርባውን ማዘዝ የማይችል ቲ53 ነው። የሆድ ጡንቻው የሚሠራለት ቲ54 ነው፤ ሁግ ያለው እዚህ ነው። ወንድምሽ ቲ53 ሆኖ ሰዓቱን ከሁግ ጋር ቢያወዳድር ራሱን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ከደብሩነር ጋር ያወዳድር፤ እሷ ቲ53 ናት። የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት በውድድር ላይ ያሉ መዳቢዎች ናቸው። የሚጀምሩት ግን ከሕክምና ወረቀቱ ነው። የመጀመሪያው ሆስፒታል የሰጣችሁ ማስረጃ የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጊ።

አባታችሁ «በእኛ አገር ይህ ተደርጎ ያውቃል ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። ኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ላይ መጀመሪያ የቀረበችው በ1968 ቴል አቪቭ ላይ ነው። ያኔ ውድድሩ የዊልቸር ተጠቃሚዎች ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየነው ሜዳሊያ ግን ከሌሎች ምድቦች ነው። ወንድዬ ፍቅሬ በ2012 ለንደን ላይ በ1500 ሜትር ብር ያመጣው በእጅ ጉዳት ምድብ ነው። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው በዓይን ጉዳት ምድብ ነው። በዊልቸር ሩጫ ገና ምንም የለንም። ሳንባ አጥተን አይደለም። ለእግር ሯጭ መንገድ ብቻ ይበቃዋል፤ ለዊልቸር ሯጭ ግን ወንበር፣ ጓንት፣ ጎማ፣ ለስላሳ መንገድና ጠጋኝ ያስፈልገዋል።

አበበ ቢቂላንም ጥቀሺላቸው። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው ጃቶ ነው የተወለደው። ሁለቱን ማራቶኖች ሁሉም ያውቃል። በ1969 መኪናው ተገልብጣ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ እንዳቃተው የሚያውቀውም ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያወራው። እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወሰዱት። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1948 የዊልቸር ውድድር የጀመረበት፣ ፓራሊምፒክ የተወለደበት ቦታ ነው። እጆቹ ተመለሱለት። በ1970 እዚያው በሚደረገው ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ውድድር አሸነፈ። የደጋው ልጅ፣ በበረዶ! በ1973 በ41 ዓመቱ ያረፈውም ከዚያው አደጋ ጋር በተያያዘ ሕመም ነው፤ ስለ ጤናው ይህን ያህል የጨቀጨቅኩሽ በከንቱ አይደለም። ወንድምሽም ሩጫ እስኪመቻች ድረስ ጠረጴዛ ቴኒስ ይሞክር፤ ተቀምጦ አሎሎና ጦር መወርወርም አለ። ትንሽ ወጪ ነው፤ ወገቡንና ሚዛኑንም ያሠራዋል።

ታዲያ በዚህ ዓመት ምን ይሥራ? ያለውን የቤት ዊልቸር ይግፋ። ሜዳማ፣ መኪና የማይበዛበት አስፋልት ወይም ሰፊ ግቢ ፈልጊለት። የትምህርት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ እንዳይወጣ፤ ወደ ጫጫ ያለው ሜዳ ቢያጓጓውም። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለሲኖ ትራክ ሹፌር አይታየውም። ጣርማ በርን ደግሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ልሞክረው ካለሽ ዊልቸሩን ደብቂው፤ እየቀለድኩ አይደለም። የውድድር ዊልቸር እንኳ ፍሬኑ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ሁግ ራሱ በ2024 ቦስተን ላይ መታጠፊያ አልያዝ ብሎት ከአጥሩ ጋር ተላትሟል። ተነስቶ አሸነፈ፤ ግን እሱ ሁግ ነው። የራስ ቁር ከመጀመሪያው ቀን ይልመድ፤ በውድድር ከ800 ሜትር ጀምሮ ግዴታ ነው።

ጠዋት ማለዳ አይውጣ። የእግር ሯጮቹ በብርድ መውጣታቸው አያሳስተው፤ እነሱ ይሞቃቸዋል፣ የእሱ እግር ግን አይሞቅም። ረፋድ ላይ ነፋሱ ሳይበረታ ይሻላል። ከተማችሁ 2800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለትንፋሽ ይከብዳል። ለፍጥነት ግን ይመቻል፤ ዊልቸር ሯጭን በፍጥነት ላይ ሲሆን ዋናው የሚይዘው አየሩ ነውና። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ያስመዘገበውን ሰዓት ይዞ አይፎክር።

ክረምቱን ቤት ውስጥ ያሳልፈው። አንድ ጎበዝ ብየዳ ቤት ሁለት ቱቦ በኩሽኔታ ላይ አስቀምጦ የሚሽከረከር መለማመጃ ሊሠራላችሁ ይችላል። ዊልቸሩ ላዩ ላይ ታስሮ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ከበሬ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ትከሻውን አደራ። ይህ ልጅ ክንዱ እግሩም ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሻግረው ያው ትከሻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የመግፋት ልምምድ ሁለት የመሳብ ልምምድ ይሥራ። ከበር እጀታ ላይ የታሰረ የመኪና የውስጥ ጎማ (ከመነዳሪ) ይበቃል። ትከሻው ሌሊት የሚያመው ከሆነ ያቁም።

ይህን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ቆዳው ሳይቆስል ከሠራ፣ ያኔ አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ እና የክልሉን የስፖርት ቢሮ አብረን እንጠይቃለን። ያገለገለ ዊልቸር በውሰትም ቢሆን ተገኝቶ ተቀምጦበት ይለካ። በሬው የሚታሰበው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ስትጽፊልኝ ሦስት ነገር ላኪልኝ። አንደኛ፣ የሕክምና ወረቀቱ ላይ ጉዳቱ የትኛው የጀርባ አጥንት ላይ እንደሆነ የተጻፈውን፤ ፊደልና ቁጥር ነው፣ ቲ ወይም ኤል ከሚል ይጀምራል (ይህ ቲ ከላይ ካልኩሽ የውድድር ምድብ ቲ ጋር አይገናኝም)። ሁለተኛ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ያለ መደገፊያ ተቀምጦ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ማንሳት ይችል እንደሆነ፤ ሲሞክር አንቺ ከፊቱ ቁሚ፣ ሊወድቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ አሁን የሚቀመጥበትን ትራስ ፎቶ፣ ከላይም ከጎንም። ቆዳው ላይ አሁን የቆሰለ ቦታ ካለ ግን እኔን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋር ውሰጂው።